የአሳየሽ ሽክናና የወንድሟ ኩላሊት

ሰውን የማውቀው ከእግሩ ነው። ሌላው ሰው ፊት አይቶ ይፈርዳል፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ጎንበስ ብዬ ስለጨረስኩ ፊቱ ጋ የምደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። ሶርሳ እባላለሁ። ሶዶ ከተማ ውስጥ እግራቸው ላበጠ ሰዎች ጫማ የሚሰፋበት ቤት እሠራለሁ። የእኔ ጫማ ቁጥር የለውም። እያንዳንዱን እግር ካርቶን ላይ አስቀምጬ፣ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ከብቤ፣ የባለቤቱን ስም ጽፌ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ከካርቶኖቹ ሁሉ ትልቁ የአሳየሽ ጩማ ነበር። ነበር ያልኩት ዛሬ ትልቁ ስላልሆነ ነው።

አሳየሽ የቦምቤ ሰው ናት፤ እኔም። በጎሳ አንድ ስለሆንን በአገራችን ደንብ እህቴ ናት፤ ስለዚህ ስለ እሷ ስጽፍ ባደላላት አትፍረዱብኝ።

እብጠቱን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር ላስረዳ። ቀይ አፈራችን ውስጥ ዓይን የማያየው የድንጋይ ብናኝ አለ። ለዓመታት በባዶ እግሩ የረገጠው ሰው ብናኙ በቆዳው በኩል ይገባዋል። አንዳንዱ ምንም አይሆንም። አንዳንዱ ግን መጀመሪያ እግሩን ያቃጥለዋል፣ ቀጥሎ ያብጣል፣ ከዚያ ይቆስላል፤ አልፎ አልፎም ትኩሳት ይዞት አልጋ ላይ ይጥለዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን ስናገር ጉሮሮዬ ደርቋል። ሰዉ ግን በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ሲያብጥ ያይና "የዘር ነው" ይላል፤ የዘር ነው ካለ በኋላ ደግሞ "ይጋባል" ብሎ ይሸሻል። የዘር ከሆነ እንዴት ይጋባል? የሚጋባ ከሆነስ እንዴት የዘር ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ የለም፤ ለአፍ ዳገት የለውም።

አባቷ ጩማ ሦስት ልጆች ነበሩት፤ ቸርነት፣ አሳየሽ፣ ሰብስቤ። አንድ ጊዜ ምርቱ ቀናውና ከቦምቤ ገበያ አንድ ጥንድ ሸራ ጫማ ገዛ። ቸርነት እግሩ አልገባለትም። አሳየሽ ለካችው፤ ልክክ አለላት። አባትየው አየና "አንቺ የትም አትሄጂም" ብሎ ከእግሯ አውልቆ ለሰብስቤ ሰጠው፤ ሰብስቤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ነበር። ጫማው ሰፍቶት ጨርቅ ጎሰጎሱበት። እሱ በጫማ ፊደል ቆጠረ፣ እሷ በባዶ እግሯ ስኳር ድንች ቆፈረች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የቀኝ እግሯ ማቃጠል ጀመረ።

ያን ዓመት ሽማግሌዎች ሊያጯት መጡ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ስለ ልጅቷ ቁንጅና አይጠይቅም፤ ጎሳ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ እግር ይጠይቃል። በቀጥታ አይሉትም፤ "ልጅቷ ውሃ ታምጣልን" ይሉና ስትራመድ ያያሉ። አሳየሽ ረጅም ቀሚስ ለብሳ ውሃውን አመጣች። አንዱ ሽማግሌ ኩባያውን ሲቀበላት ዓይኑን ወደ ታች ጣል አደረገ። ውሃውን ሳይጠጣ መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር የገባ ሽማግሌ የለም።

ሰብስቤ ተማረ፣ ሶዶ መጣ፣ የዞን ትምህርት መምሪያ ባለሙያ ሆነ። በ1989 ሐመልማልን አገባ። ሐመልማል ሶዶ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አያቶቿ ከሰሜን በሹመት የመጡ ናቸው። የሠርጉ ሳምንት ሰብስቤ ቦምቤ ድረስ ሄዶ እህቱን "የሙሽራዋ ቤተሰብ እግርሽን ካዩ ይቀራል። አትምጪ" አላት። አልሄደችም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወላጆቿ ሲሞቱ ግን ከቦምቤ ለቃ ሶዶ ገበያ ጎደሬና ስኳር ድንች መቸርቸር ጀመረች። ቅቤ ብትሸጥ ማንም አይገዛትም ነበር። "ስኳር ድንች ይላጣል፤ ከተላጠ የኔ እጅ አብሮ ይወድቃል ብለው ይገዛሉ" ብላ ትስቅ ነበር። ሳቋ ግን ጥርስ እንጂ ሆድ አልነበረውም።

በጊፋታ፣ በአዲስ ዓመታችን፣ ወንድሟ ቤት ትጠራለች። የምትጠራው ግን እንደ እህት አይደለም። ሰብስቤ ለሚስቱና አብራቸው ለምትኖረው አማቱ ለወይዘሮ ፋንታዬ "የአገር ቤት ዘመድ ናት" ብሎ ነበር የነገራቸው። ወይዘሮ ፋንታዬ ኩሩ ሴት ናቸው፤ ክፉ አይደሉም፣ ፈሪ ናቸው። ለአሳየሽ አንዲት ሽክና፣ የቅል መጠጫ፣ ለይተው፣ አንገቷ ላይ ቀይ ክር አስረው፣ ጓዳ ምስማር ላይ ሰቀሉላት፤ ሌላ ሰው በስህተት እንዳይጠጣባት። በጊፋታ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ሽክና እኩል ይጠጣሉ። ልጅ ከአባቱ፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ተጣልቶ የታረቀም እንዲሁ። እኔም እጠራ ስለነበር በየዓመቱ አያታለሁ፤ አሳየሽ ቀይ ክሯን ይዛ ጥግ ላይ ለብቻዋ ትጠጣለች። አንድ ቀን ተናድጄ "እንዴት ዝም ትያለሽ?" አልኳት። "ጉንጬ ለብቻው ቢጠጣ ምን ይጎድልበታል ብለህ ነው?" አለችኝ። 

በ2009 መግቢያ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ጥልቅ ተሃድሶ ላይ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ሰብስቤ ስብሰባው ላይ ወደቀ። ግለ ሂስ ሊያደርግ ተነስቶ ነበር አሉ። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን ሐዋሳ እየሄደ ደሙን በማሽን ማሳጠብ ጀመረ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እጥበቱ ያመልጠዋል፤ ባመለጠው ቁጥር ፊቱ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል። አዲስ አበባ የንቅለ ተከላ ሐኪሞች ጋ ቀረበ። "የሥጋ ዘመድ ወይም ሚስት ካልሰጠህ ሌላ መንገድ የለም" አሉት። ቅጽ ሰጡት። ቅጹ ላይ "የወንድምና እህት ብዛት" የሚል አለ። ሰብስቤ ጩማ፣ የተማረ ሰው፣ በገዛ እጁ "አንድ" ብሎ ጻፈ።

ቸርነት ከቦምቤ ተጠርቶ ደሙ ተመረመረ፤ ምኑም አልገጠመም። የሐመልማል የደም ዓይነት ራሱ የተለየ ነበር። ቸርነት ወደ አገሩ ሲመለስ እኔ ጋ ጎራ ብሎ ይህን ሁሉ አጫወተኝ፤ ቅጹንም ነገረኝ። እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር አያድርልኝም። ዕለቱን ገበያ ሄድኩና ለአሳየሽ ነገርኳት። ጎደሬውን መደርደሯን ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ከዚያ፦

"ሶርሳ፣ ጫማዬ ክሩ ላልቷል። ዛሬውኑ አጥብቅልኝ" አለች።

"የት ልትሄጂ?"

"ቅጹ ላይ ልገባ።"

በማግስቱ ሰብስቤ ቤት አብረን ሄድን። እሱ ሶፋ ላይ ጋቢ ደርቦ ተኝቷል፤ ሐመልማል በራስጌው፣ ወይዘሮ ፋንታዬ ፊት ለፊት። አሳየሽ አልተቀመጠችም። በወላይትኛ "ታ ኢሻ" አለችው፤ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ ወደ ገበያ አማርኛዋ ዞረች።

"ወንድምና እህት ስንት ነው ብሎ ጠየቀህ። አንድ አልክ። እኔ የማን ልጅ ነኝ?"

ሰብስቤ ዓይኑን ጨፈነ። ሐመልማል አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየች፣

"እህትህ ናት?" አለች። "የእናት የአባት ልጅ? ይህን ሁሉ ዓመት በዚያች ሽክና እያጠጣኋት…" እንባዋ ቀደማት። ሠርጉ ላይ ለምን እንዳልነበረች፣ "ዘመድ" ለምን እንደተባለች፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ነው የገባት። ባሏ እየሞተ ባይሆን ኖሮ ያን ቀን ቤቱ ይፈርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ወይዘሮ ፋንታዬ ግን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር። "እህት ከሆነች ይባስ" አሉ። "ኩላሊቷ ሲገባ እግሯም ተከትሎ ይገባል። ደግሞ የልጅ ልጆቼን ነገ ማን ያገባቸዋል?"

"እትዬ ፋንታዬ" አለች አሳየሽ፣ "ኩላሊት እግር የለውም። የት ይሄዳል?"

እኔ ሳቄ አመለጠኝ፤ ማንም ግን አልሳቀም። ሰብስቤ ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። "አይገባኝም፣ እህቴ። ካንቺ መውሰድ አይገባኝም" አለ። አሳየሽ ተቆጣች፤ ስትቆጣ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። "የሚገባህን ማን ጠየቀህ? ቅጹን አምጣ!" ሐመልማል ተነስታ ቅጹን ከመሳቢያ አወጣች። "አንድ" የሚለውን ሰርዛ "ሁለት" ብላ የጻፈችው ራሷ ሐመልማል ናት።

አዲስ አበባ ዶክተር ሊድያ የሚባሉ ሐኪም ተቀበሉን፤ የኩላሊት ሐኪም ናቸው፣ ፈጣን፣ ሳቂታ። መጀመሪያ አሳየሽን ለብቻዋ አነጋገሯት፤ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም፣ እኔም ላስተረጉም ነው። "ቤተሰቡ አስገድዶዎት ነው? ፈርተው ከሆነ ለኔ ብቻ ይንገሩኝ፤ አልገጠመም ብዬ እመልሳቸዋለሁ" አሏት። አሳየሽ "ቤተሰቡ እንዳልሰጥ ነው የሚያስገድደኝ" አለቻቸው። ዶክተሯ ሳቁና ደሟን አስቀዱ። ደሙ ለምርመራ ወደ ውጭ አገር ተላከ። ሁለት ወር ጠበቅን።

ውጤቱ ሲመጣ ሁላችንም ተጠራን፤ ወይዘሮ ፋንታዬም አልቀሩም፣ ጠርጥረው ነው የመጡት። ዶክተር ሊድያ እንዲህ ብለው ጀመሩ።

"የሰውነታችን ሕዋስ ሁሉ ላዩ ላይ መታወቂያ አለው። ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ እንደ ቀበሌ ታጣቂ እየዞሩ መታወቂያ ያያሉ። የማያውቁት ሲያጋጥማቸው መልእክት ይልካሉ፤ መልእክቱ ደቃቅ ፕሮቲን ነው። መልእክቱ የደረሳቸው ሌሎቹ ይነሳሉ፣ ይባዛሉ፣ እንግዳውን ያጠፋሉ። የሰው ኩላሊት ሲተከል የሚበላሸው በዚህ ነው። መታወቂያው ግማሹ ከአባት፣ ግማሹ ከእናት ነው። አንድ እህትና አንድ ወንድም ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው።" ወረቀቱን ገለበጡት። "የአቶ ሰብስቤና የአሳየሽ አንድ ነው። ፍጹም አንድ።"

ሐመልማል "እሰይ" ብላ አፏን ያዘች። ወይዘሮ ፋንታዬ ግን ጣታቸውን ወደ አሳየሽ ጫማ ቀሰሩ። "እግሩስ፣ ልጄ? እግሩ አይመጣም?"

ዶክተር ሊድያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ኩላሊት ይህን በሽታ አያስተላልፍም። አንድ ነገር ግን ልንገርዎት። በእርስዎ አካባቢ የተደረገ ጥናት አለ። አፈሩ እግራቸውን የሚያሳብጣቸው ሰዎች ልዩነታቸው የተገኘው እዚሁ ቦታ ነው፤ እነዚህ መታወቂያዎች በተጻፉበት። በዚህ ቦታ እሷ ያላትን ሁሉ አማችዎም አላቸው፤ አብሯቸው ተወልዷል። ያላበጡት…" ብለው ወደ ሰብስቤ እግር አዩ። ጥቁር፣ በቀለም የተወለወለ ጫማ አድርጓል። "ያላበጡት ጫማ ስላደረጉ ይመስለኛል።"

 ሰብስቤ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን አየ። ከዚያ እንደ ሕፃን ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። "ሸራዋ" አለ፤ "ሸራዋ እኮ ልኳ ነበረች።" ምን እንደሚል የገባን አሳየሽና እኔ ብቻ ነን። እሷ ቀረብ ብላ ጀርባውን መታ መታ አደረገችውና ለዶክተሯ "ቢላዋው መቼ ነው?" አለች።

ቢላዋው ቅርብ አልነበረም። ዶክተር ሊድያ የአሳየሽን ጫማ አስወልቀው አዩ፤ በጣቶቿ መካከል ቁስል፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ስንጥቅ። "ይህ እግር ትኩሳት እያስነሳ ቀዶ ጥገና አላደርግም። ለእርስዎም አደጋ ነው፣ ለእሳቸውም። ስድስት ወር ቁስል ሳይኖር፣ አንድ ጊዜም ትኩሳት ሳይነሳ ይምጡ። አንዴ ከተነሳ ከዜሮ እንጀምራለን።" ሰብስቤ ስድስት ወር ይቆይ እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ መልሱን መስማት ፈርተን ነው።

ተመለስን። አሳየሽ ሥራ ያዘች። ጠዋትና ማታ ውሃ ታፈላለች፣ ታቀዘቅዛለች፣ ጠብታ በረኪና ትጨምርበታለች፤ እግሯን በሳሙና ታጥባ፣ በጣቶቿ መካከል በንጹሕ ጨርቅ እያደረቀች፣ ቅባት ቀብታ በፋሻ ትጠቀልላለች። ስትተኛ ከእግሯ ሥር ሁለት ጡብ ታደርጋለች። ገበያ ላይ ቆማ መሸጡን ትታ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ወንድሟ ሐዋሳ ደሙን ሲያሳጥብ እሷ ሶዶ እግሯን ታጥባለች። እኔ በየወሩ አዲስ ካርቶን አወጣለሁ፤ በሁለተኛው ወር መስመሩ አንድ ጣት ገባ፣ በሦስተኛው ሌላ አንድ ጣት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት እንዲህ ነው።

ከዚያ ፍልሰታ መጣች፤ ጥፋቱም የመጣው ከክፋት አይደለም፣ ከስለት ነው። አሳየሽ ወንድሟ እንዲድንላት ፍልሰታን ሙሉ አንድ ቀን ሳትቀር ልታስቀድስ ተስላ ነበር። እናንተም ታውቃላችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም። ሰዉ ብዙ ነውና ሴቶቹ እስከ ቅጥሩ ድረስ ሞልተው በባዶ እግር ይቆማሉ። ነሐሴ ነው፤ ቀዩ አፈር ጭቃ ሆኗል። አሥራ አምስት ቀን ያን ጭቃ ረግጣ ቆመች። እኔም አየኋት፤ እኔ የእግር ሰው ነኝ ባዩ! ምንም አልመጣልኝም። ለእግዚአብሔር ሲሆን አፈሩ አፈር የማይሆን መስሎን ነበር ሁለታችንም። ጾሙ ሊፈታ ሲል ትኩሳት ጣላት፤ እግሯ ቀልቶ እንደ ቀድሞው ተነፋ። አራት ወር ሙሉ የደከመችበት በአንድ ሌሊት ዜሮ ሆነ።

ልጠይቃት ስሄድ ግድግዳውን እያየች ነበር። "ገደልኩት ሶርሳ" አለችኝ። "ላድነው ብዬ ገደልኩት።"  ከኔ ኋላ የነፍስ አባቷ መጡ፤ አስተዋይ ቄስ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና "ለምን ካልሲ አላደረግሽም?" አሏት። "በካልሲ ገብቶ የተከለከለ ምእመን አይቼ አላውቅም።" እኔና እሷ ተያየን። ካልሲ! ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዳችን የእግር ባለሙያ፣ ስለ ካልሲ አላሰብንም። ያን ቀን ማታ አቡጀዲ በአራት ደርቤ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ከሥሩ ወፍራም የሆነ ነጭ ካልሲ ሰፋሁላት። "ይሄ ጫማ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሙግት ከመጣ እኔን ጥሪኝ" አልኳት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተነሳች። "ከዜሮ" አለች።

በዚያው ሰሞን ሐመልማል ባጃጅ ይዛ መጣች። የአሳየሽ ቤት ወለሉ አፈር ነበር። ሐመልማል ወለሉን አየች፣ ፍራሹን ጠቀለለች፣ ጡቦቹን አነሳች። "ቤቴ ሲሚንቶ ነው። ትሄጃለሽ" አለቻት። አሳየሽ "እትዬ ፋንታዬስ?" ስትል፣ "ቤቱ የኔ ነው" አለች ሐመልማል። ወዲያው የመጀመሪያውን ማታ ውሃውን ያፈላችው፣ ጎንበስ ብላ እግሯን ያጠበችው ሐመልማል ናት። አሳየሽ አፍራ እግሯን ልትሰበስብ ስትል ቁርጭምጭሚቷን ይዛ አስቀረቻት። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ማታ አላጎደለችም። ወይዘሮ ፋንታዬ ከጓዳ ሆነው ያያሉ። ቀይ ክር ያላት ሽክናም ከምስማሯ አልወረደችም።

ሰብስቤ ከሳ፣ ጠቆረ። በየካቲት መንገድ ሲዘጋ ሁለት እጥበት አምልጦት ሊሞት ደርሶ ተመለሰ። አሳየሽ በየማታው በሩ ላይ ቆማ "ዛሬም ትኩሳት የለኝም" ትለዋለች፤ እሱም "እኔም አለሁ" ይላታል። መጋቢት 2010 በሆሳዕና ከተማ በኩል አድርገን አዲስ አበባ ገባን። ዶክተር ሊድያ እግሯን እያገላበጡ አይተው "ማን ነው እንዲህ የተንከባከበው?" አሉ። አሳየሽ በአገጯ ወደ ሐመልማል አሳየች። ግራ ኩላሊቷን ሰጠች። ወንድሟ ውስጥ ገብቶ ገና ሳይሰፋ ሽንት ጀመረ ብለው ነገሩን፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክኬ ነበር፣ ለአንድ ጊዜ ያለ ሥራ።

ሁሉም ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሰብስቤ ሽንት ቀነሰ። ወይዘሮ ፋንታዬ በስልክ "ያልኩት ደረሰ" ብለው አለቀሱ። ዶክተር ሊድያ እንዲህ አስረዱን፤ መታወቂያው አንድ ቢሆንም ሌሎች ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፣ ታጣቂዎቹ እነሱን አይተው መላላክ ጀምረዋል። ሦስት ቀን ጠንካራ መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፤ መልእክቱ ታፈነ፣ ሽንቱ ተመለሰ። "ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልክ ይወስዳሉ" አሉት። "ኩላሊቱን ለማዳን ዘበኞችዎን አስተኝተናቸዋል። ዘበኛ ሲተኛ ሌባም ይገባል። ጥሬ ሥጋ የለም፣ ከሰው ጋር በአንድ ዕቃ መጠጣት የለም፣ ጉንፋን የያዘው ሰው አይጠጋዎትም።" አሳየሽ ከጎን አልጋ ሆና እያንዳንዱን ነገር አስተረጎመችኝ፤ ሁለቴ።

የ2011 ጊፋታ ደረሰ። ሰብስቤ ሶዶ ተመልሷል፤ ፊቱ ላይ ሥጋ ቆሟል። ቸርነትም ከቦምቤ መጥቷል፤ ዶክተሯ ሰው አታብዙ ስላሉ ሌላ እንግዳ አልነበረም። ሥጋው ቀረበ፤ ለሰብስቤ ብቻ የተቀቀለ። እኔ በር ሥር ተቀምጬ ነበር። ሰብስቤ ተነስቶ ጓዳ ገባ፤ ሲወጣ ያችን ቀይ ክር የታሰረባትን ሽክና ይዟል። ብርዝ ሞላባት።  ቸርነትን አልፎ፣ ሚስቱን አልፎ፣ ጥግ ላይ ያለችው እህቱ ፊት ቆመ። ሽክናውን ወደ አፉ አቅርቦ ጉንጩን ዝቅ አደረገላት።

"ነይ" አላት። "ሃያ አንድ ዓመት ዘግይቻለሁ። ነይ እንጠጣ።"

እሷ ጉንጩን አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ማንም ያልዘረጋላትን ጉንጭ አየች። እጇ ተነሳ፤ ዓይኗ ሞላ፤ የኔም ሞላ። ከዚያ መዳፏን ደረቱ ላይ አድርጋ ገፋ አደረገችው።

"አይሆንም።"

"ማሪኝ እንጂ፣ እህቴ።"

"ምሬሃለሁ። ግን አይሆንም። ዘበኞችህ ተኝተዋል፣ ሐኪሟ ምን አለች? በአንድ ዕቃ ከሰው ጋር አትጠጣም። የሰጠሁህን በአንድ ጉንጭ ብርዝ ልታስገድልብኝ ነው?" ሽክናዋን ከእጁ ተቀበለች። በጥርሷ ቀዩን ክር ፈታችው። ከጎኗ ከተደረደሩት ሌላ፣ ንጹሕና አዲስ ሽክና አንስታ ክሩን አንገቱ ላይ አሰረችና ሰጠችው። "ከዛሬ ጀምሮ ለብቻው የሚጠጣው አንተ ነህ። ምስማሩም ያንተ ነው።"

ሰብስቤ ሽክናውን ይዞ እያለቀሰ ሳቀ። አሳየሽ ግን አልጨረሰችም። የድሮዋን ሽክና እንደያዘች፣ ብርዙ እስከ አፏ ሞልቶ፣ ቤቱን ዞር ብላ ቃኘች። እኔ ለመነሳት ጉልበቴን አዘጋጅቼ ነበር፤ እኔን ግን አላየችኝም።

"እትዬ ፋንታዬ" አለች። "ብርዙ ይደፋል። ኑ።"

ወይዘሮ ፋንታዬ ወንበራቸውን ጨብጠው ቆዩ። ልጃቸውን አዩ። አማቻቸውን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እየተንገዳገዱ፣ ወለሉን አቋርጠው መጡ። አሳየሽ ረጅም ናት፤ ዝቅ አለችላቸው። ሁለቱ ጉንጮች ገጠሙ። መጀመሪያ አልተስማማላቸውም፤ አንዷ ስትስብ አንዷ ትቆያለች፣ ግማሹ ብርዝ በወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላ ላይ ፈሰሰ። ሽክናዋ እስክትደርቅ ግን አንዳቸውም አልለቀቁም። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ታች አየሁ። የወይዘሮ ፋንታዬ ነጠላ ጫማ ጫፉ ለአሳየሽ የሰፋሁትን ሰፊ ጫማ ረግጦት ነበር።